ቢጫው ፖስታ ሲመጣ፦ የደብሊን ውሳኔ የሚጠብቅ ጥገኝነት ጠያቂ ምን ያድርግ?

በጀርመን ካምፖች ከሐበሻ አንደበት የማይጠፉ ሁለት ቃላት አሉ፤ «አሻራ» እና «ደብሊን»። «አሻራ አለበት» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሰውየው በጣሊያን፣ በግሪክ ወይም በማልታ በኩል ገብቶ አሻራ እንደሰጠ፣ አሁን ደግሞ ወደዚያው ሊመለስ እንደሚችል ሁሉም ይረዳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ላለ ሰውና ደብዳቤውን ለሚያነቡለት ወዳጆቹ ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ለዓመታት የወገኖቼን ደብዳቤ ሳነብና ሳስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተረዳሁት የደብሊን ጉዳይ ከአገር ለምን እንደወጡ የሚመረመርበት ሳይሆን ያንን የሚመረምረው አገር የትኛው እንደሆነ ብቻ የሚለይበት በመሆኑ፣ ከታሪኩ ክብደት ይልቅ በቀን ቆጠራና በወረቀት የሚወሰን መሆኑን ነው።

ስያሜው የመጣው በጁን 1990 በአየርላንድ ዋና ከተማ ከተፈረመው ስምምነት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ቁጥር 604/2013 ሲሆን ደብሊን ሦስት ይባላል፤ 27ቱን የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በተጨማሪም ኖርዌይን፣ አይስላንድን፣ ስዊዘርላንድንና ሊክተንስታይንን ያካትታል። ብሪታንያ ከ2020 ማብቂያ ወዲህ በዚህ ውስጥ የለችም። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራበት ደግሞ ደንብ ቁጥር 2024/1351 ነው። ማመልከቻዎ የተመዘገበው ከዚያ ቀን በፊት ከሆነ ኃላፊው አገር የሚለየው በቀድሞው መስፈርት ነውና ከሁሉ አስቀድመው የተመዘገቡበትን ቀን ይያዙ። አዲሱ ደንብ የለወጣቸውን ዋና ዋና ነጥቦች በየቦታቸው እጠቅሳለሁ።

የጉዳዩን ዓይነት መለየት

ዩሮዳክ የሚባለው የአሻራ መዝገብ ከ2003 ጀምሮ ይሠራል። አሻራዎ በመዝገቡ ከተገኘ በፋይልዎ ውስጥ አንድ ረጅም ቁጥር ይሰፍራል። ቁጥሩ የሚጀምረው አሻራውን የወሰደውን አገር በሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ ለምሳሌ ለጣሊያን አይ እና ቲ። ወሳኟ ግን ከፊደላቱ ቀጥላ የምትመጣዋ አኃዝ ናት። 1 ከሆነች በዚያ አገር ጥገኝነት ጠይቀዋል ማለት ነው፤ 2 ከሆነች ድንበር ያለ ፈቃድ ሲሻገሩ ተይዘው አሻራ ሰጥተዋል ማለት ነው። «እኔ እኮ አሻራ ብቻ ነው የሰጠሁት፤ ጥገኝነት አልጠየቅኩም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ፋይላቸው ሲከፈት 1 ይገኝባቸዋል፤ ወደብ ላይ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ምንነቱን ሳያውቁ የፈረሙት ቅጽ ማመልከቻ ሆኖ ተመዝግቧልና። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በደብሊን ሦስት መሠረት በ2 የተመዘገበ ሰው ድንበሩን ከተሻገረ 12 ወር ካለፈው በኋላ የመጀመሪያ ማመልከቻውን ሌላ አገር ቢያስገባ፣ በዚያ መሻገር የመጣው ኃላፊነት ያበቃል። አዲሱ ደንብ ይህን ወደ 20 ወር አራዝሞታል፤ ከባሕር ላይ በነፍስ አድን ሥራ ተነሥተው ወደብ ለወረዱ ግን 12 ወር ነው።

አሻራ ሳይኖርም ደብሊን ሊመጣ ይችላል። በሪያድ ወይም በዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እኅታችን አሠሪዎቿ ለዕረፍት ወደ ፓሪስ ሲሄዱ ይዘዋት ይሄዳሉ እንበል፤ ከዚያ ወጥታ ጀርመን ገብታ ብታመለክት፣ ፓስፖርቷ ላይ የተለጠፈው የፈረንሳይ ቪዛ በመዝገብ ስለሚታይ ኃላፊዋ ፈረንሳይ ናት። ፓስፖርቱን መጣል አይጠቅማትም፤ ቪዛው ሲሰጣት የተወሰደው አሻራ በሌላ መዝገብ ተቀምጧል። በደብሊን ሦስት ይህ የሚሠራው ቪዛው ካለፈበት 6 ወር እስኪሞላ ሲሆን በአዲሱ ደንብ እስከ 18 ወር ይሄዳል።

በጣሊያን ወይም በግሪክ የመኖሪያ ከለላ አግኝቶ ወደ ሌላ አገር የመጣ ሰው ጉዳይ ደግሞ በደብሊን ሦስት አይታይም። የእርሱ ማመልከቻ «ተቀባይነት የለውም» ተብሎ በሌላ አንቀጽ ይወድቃል፤ መከራከሪያውም የተለየ ነው። በካምፕ ሁሉም «ደብሊን ነው» ስለሚባል ሰው የጎረቤቱን ምክር ይዞ የራሱን ቀን ያሳልፋል። ስለዚህ የሚመክርዎ ሰው ቁጥርዎንና ውሳኔዎን በዓይኑ አይቶ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቁት።

ቃለ መጠይቁ፦ ቤተሰብ፣ ዕድሜ፣ ጤና

ከዋናው ኢንተርቪው በፊት ስለ ጉዞው ብቻ የሚደረግ አጭር ቃለ መጠይቅ አለ። ብዙ ሰው «ዋናው ገና ነው» ብሎ ይህን በግዴለሽነት ያልፈዋል፤ ለደብሊን ግን ዋናው ይህ ነው። መነገር ያለበት እዚህ ካልተነገረ በኋላ ሲነሣ የተፈጠረ ይመስላል።

አስቀድመው የሚናገሩት ስለ ቤተሰብ ነው። በመስፈርቶቹ ቅደም ተከተል ልጆችና ቤተሰብ ከቪዛም ከአሻራም ይቀድማሉ። ባለቤትዎ በሌላ አባል አገር የጥገኝነት ከለላ ካገኘ፣ ሁለታችሁም በጽሑፍ ከፈለጋችሁ ጉዳይዎ ወደዚያው ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚነካ አንድ ልዩነት አለ። ጋብቻው የተፈጸመው በካርቱም ወይም በሊቢያ፣ ማለትም በስደት ላይ ከሆነና ባለቤትዎ አስቀድሞ ከለላ ካገኘ ችግር የለውም፤ ባለቤትዎ ገና ውሳኔ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ደብሊን ሦስት ቤተሰቡ በትውልድ አገር የተመሠረተ እንዲሆን ይጠይቃል። አዲሱ ደንብ ይህን አሻሽሎ፣ ወደ አባል አገሮቹ ክልል ከመግባት በፊት በመንገድ ላይ የተመሠረተውንም ቤተሰብ ይቀበላል። ከሕጉ መሻሻሎች ሁሉ ለእኛ ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት፣ የኒካሕ ውል፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ አብረው የተነሡት ፎቶ፣ ገንዘብ የተላላኩበት ደረሰኝ ሁሉ ማስረጃ ነውና ኮፒውን ያስገቡ። በዕድሜ የገፋች እናት፣ በጽኑ የታመመ ወንድም ወይም አራስ የሆነች ልጅ ካለችና አንዱ በሌላው ረዳትነት የሚኖር ከሆነ ይህም ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ እንዲመዘገብልዎ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነና ወላጅ ያልያዘ ልጅ በአባል አገሮች ውስጥ ቤተሰብ ወይም ዘመድ ከሌለው፣ ቀድሞ ሌላ አገር አመልክቶ ቢሆን እንኳ አሁን ካለበትና ካመለከተበት አገር ሊዛወር እንደማይገባ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2013 ወስኗል፤ ከአመልካቾቹ ሁለቱ ኤርትራውያን ነበሩ። አዲሱ ደንብ ግን የልጁ ጥቅም ሌላ እስካላስገደደ ድረስ መጀመሪያ የተመዘገበበትን አገር ያስቀድማል። ችግሩ ጣሊያን ላይ ከልጆች ካምፕ ለማምለጥ «19 ዓመቴ ነው» ያለ ልጅ ጀርመን ሲደርስ «16» ሲል የሚያምነው ማጣቱ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዘመን አቆጣጠራችን የሚፈጥረው ስሕተት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2008 ወይም የ2009 ልጅ ነው፤ መዝጋቢው ሳይለውጥ 2001 ብሎ ከጻፈው ልጁ በአንዲት ቀን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን የልደት ዓመት በዓይንዎ አይተው ካልሆነ በስተቀር አይፈርሙ። የክርስትና የምስክር ወረቀትም ሆነ የትምህርት ቤት ካርድ ከአገር ቤት ለማስላክ ጊዜው አሁን ነው።

ሦስተኛው «ወደዚያ አገር እንዳይመለሱ የሚከለክልዎ ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ጣሊያን ሥራ የለም፤ ኑሮ ከባድ ነው» የሚለው መልስ ምንም አያነሣም። የሚመዘነው በእርስዎ ላይ የደረሰው ነው፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የት አደሩ፣ ምግብና ሕክምና የት ጠይቀው ማን መለሰዎ፣ ምን ደረሰብዎ። የስትራስቡርጉ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2011 ቤልጅየም አንድ አመልካች ወደ ግሪክ መመለሷ መብቱን የጣሰ ነው ብሎ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ አገሮቹ ወደ ግሪክ ማዛወርን ለዓመታት አቆሙ። በኖቬምበር 2014 ደግሞ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ወደ ጣሊያን ሊላክ የሚችለው ለልጆቹ የሚስማማ ማረፊያ እንደሚያገኝና ቤተሰቡ እንደማይለያይ ማረጋገጫ ሲሰጥ ብቻ መሆኑን ወሰነ። ሕመም ካለም የሐኪሙ ወረቀት ዝርዝር መሆን አለበት። «ጭንቀት አለበት» የሚል አንድ መስመር ለፍርድ ቤት አይበቃም፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ሐኪሙ በምን ምርመራ እንደደረሰበት፣ ሕክምናው ቢቋረጥ ወይም ጉዞ ቢደረግ ምን እንደሚከተል መጻፍ አለበት።

አስተርጓሚው የሚናገረው አማርኛ ካልገባዎ፣ ወይም የእርስዎ ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ሆኖ አማርኛ ከተመደበልዎ ወዲያው ይናገሩ። በመጨረሻም ቃልዎ ተመልሶ እንዲነበብልዎ ያድርጉ። ብዙ ሰው ሰዓቱ ረፍዶ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠው ሲል «ይቅርብኝ» ብሎ ይፈርማል።

ፖስታው

የጀርመኑ የስደተኞች ጽሕፈት ቤት፣ በተለምዶ ባምፍ የምንለው፣ ውሳኔውን የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ በቢጫ ፖስታ ነው። ፖስተኛው በሩ ላይ ባያገኝዎም ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ይጥለውና የጣለበትን ቀን በእጁ ጽፎበት ይሄዳል። ውሳኔውን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ለመክሰስ የሚሰጠው የአንድ ሳምንት ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤውን ካነበቡበት ቀን ሳይሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አንዲት እኅት ደብዳቤዋን በፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ፣ አንድም ገጽ ሳታጥፍ ይዛልኝ መጣች፤ ፖስታውን ግን ቀዳ ጥላዋለች። «መቼ ደረሰሽ?» ብላት «ባለፈው ሳምንት ይመስለኛል፤ ቡና እያፈላሁ ነበር» አለችኝ። ደብዳቤው ላይ የታተመው ቀን 11 ቀን አልፎታል፤ ያ ግን የተጻፈበት እንጂ የደረሰበት ቀን አይደለም። ጠበቃ አግኝተን ፋይሉ እስኪታይ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። የቀራት አንድ ቀን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፖስታውን ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር ያያይዙት፤ በሁለቱም በኩል በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

በመቀበያ ካምፕ ለሚኖሩ ደብዳቤው በካምፑ ቢሮ በኩል ይመጣል፤ የባለ ደብዳቤዎች ስም በየዕለቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ደብዳቤው ለካምፑ ከተሰጠ በሦስተኛው ቀን፣ ሄደው ባይወስዱትም እንኳ እንደደረሰዎ ይቆጠራል። ሰሌዳውን በየቀኑ ማየት የግድ ነው።

በዚያ ሳምንት ውስጥ ለአስተዳደር ፍርድ ቤቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ክሱ ነው፤ ሌላው ጀርመኖቹ አይልአንትራግ የሚሉት፣ በእኛ አጠራር የእግድ ማመልከቻ ነው። ክሱ ብቻውን ዝውውሩን አያቆምም፤ የእግድ ማመልከቻው በጊዜው ከገባ ግን ዳኛው እስኪወስን ድረስ አይወስዱዎትም። ጠበቃ ካላገኙ በየፍርድ ቤቱ ማመልከቻ በቃል ተቀብሎ የሚጽፍ ክፍል አለና ውሳኔውን፣ ፖስታውንና መታወቂያዎን ይዘው በጠዋት ይሂዱ። ካሪታስና ዲያኮኒ የሚባሉት የአብያተ ክርስቲያናት የረድኤት ድርጅቶች፣ እንዲሁም በየክፍለ አገሩ ያሉ የስደተኞች ምክር ቤቶች በነጻ ያማክራሉ። የጊዜ ገደቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስዊዘርላንድ 5 የሥራ ቀን ብቻ ትሰጣለች፣ አዲሱ ደንብ ደግሞ አገሮች ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ውስጥ እንዲወስኑ ያዝዛል። አዲሱ ደንብ ይግባኝ የሚባልባቸውን ምክንያቶች ስላጠበባቸው፣ ስለ ቤተሰብና በሚላኩበት አገር ስለሚጠብቅዎ አያያዝ ያለዎትን ማስረጃ ቀደም ብሎ ማስገባት ከበፊቱ የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል።

ቀኑን በራስዎ ይቁጠሩ

በጠበቃ በኩል የፋይልዎን ሙሉ ኮፒ ያስወጡ። የሚፈልጉት አራት ቀኖችን ነው፦ ያመለከቱበት፣ አሻራው የተገኘበት፣ ለሌላው አገር ጥያቄ የተላከበት እና ያ አገር የመለሰበት ወይም ዝም ያለበት። በደብሊን ሦስት ውስጥ ዝምታ እንደ እሺታ ይቆጠራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አመልካቹ ጀርመን ውስጥ ማርች 3 ቀን አመለከተ፤ ማርች 5 ቀን በጣሊያን ቁጥር 1 ያለው አሻራ ተገኘበት። ጀርመን ጥያቄውን ለመላክ አሻራው ከተገኘበት 2 ወር አላት፤ ማርች 20 ቀን ላከች። ጣሊያን በ2 ሳምንት መመለስ ሲገባት ዝም ስላለች ከኤፕሪል 4 ቀን ጀምሮ እንደተቀበለች ተቆጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርመን ሰውየውን ለማዛወር 6 ወር አላት፤ እስከ ኦክቶበር 4 ካላዛወረችው ኃላፊነቱ ወደ ራሷ ይዞራል፣ ጉዳዩም እዚያው ይታያል። ነገር ግን ሰውየው የእግድ ማመልከቻ አስገብቶ ጁን 6 ቀን ውድቅ ቢሆንበት፣ በጀርመን ፍርድ ቤቶች አሠራር 6ቱ ወር እንደገና ከዚያ ቀን ይጀምርና እስከ ዲሴምበር 6 ይሄዳል። የማሸነፍ ተስፋ የሌለው የእግድ ማመልከቻ ጊዜውን ያራዝማል ማለት ነው፤ ማስገባት አለማስገባቱን ከጠበቃ ጋር አመዛዝኖ መወሰን ይገባል።

ጥያቄው ከጊዜው ዘግይቶ ከተላከ አመልካቹ ራሱ ይህን አንሥቶ መከራከር ይችላል። ይህን መብት ያጸናው በጁላይ 2017 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ሲሆን፣ ከሳሹ አንድ ኤርትራዊ ነበር። በ2015 ጥገኝነት መጠየቁን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጥቶት መደበኛውን ማመልከቻ ያስገባው ግን በ2016 ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ቆጠራው የሚጀምረው ያ የመጀመሪያው ወረቀት ለሚመለከተው ባለሥልጣን ከደረሰበት ጊዜ ነው አለ። መጀመሪያ ቀን የተሰጠዎትን ተራ የሚመስል ወረቀት የማይጥሉት ለዚህ ነው።

«ስድስት ወር ጥፋ» የሚለው ምክር

ይህን ምክር ያልሰማ የለም፤ እኔ ግን ካየሁት ጉዳት አንጻር አልመክረውም። ተሰውሯል የተባለ ሰው 6 ወሩ ወደ 18 ወር ይራዘምበታል፤ በአዲሱ ደንብ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕክምናና ድጎማ ይቋረጣል፤ ፈረንሳይ ተሻግሮ ቢያመለክትም ያው አሻራ ይወጣል። ጣትን በማጣበቂያ ወይም በአሸዋ ወረቀት ማበላሸትም እንዲሁ ነው፤ ቆዳው ይድናል፣ አሻራው ይመለሳል፣ በሰነዱ ላይ ግን «አልተባበረም» የሚል ይቀራል።

በአንጻሩ አንድ ሌሊት ጓደኛ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ ተሰውሯል አይባልም፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 የጠየቀው ሰውየው ከመኖሪያው ሲለቅ ማሳወቅ እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮት እንደሆነ ጭምር ነው። ስለዚህ ስምዎ የፖስታ ሳጥኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ አድራሻ ሲቀይሩ ለባምፍ፣ ለውጭ ዜጎች ቢሮውና ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አስታውቀው ማረጋገጫውን ያስቀምጡ። በጀርመን አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት አስቸጋሪ ጉዳይ ያለበትን ሰው አድራሻውን ለባለሥልጣናት አሳውቀው ያስጠልላሉ፤ የት እንዳለ የታወቀ ሰው ተሰወረ ስለማይባል የ6 ወሩ ቆጠራ ይቀጥላል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ የሚሰጠው ተመርምሮ ነው።

ዝውውሩ የማይቀር ሲሆን

ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጎሕ ሳይቀድ ነው። መድኃኒት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፋይሉ ኮፒና የጠበቃው ስልክ ቁጥር በአንድ የእጅ ቦርሳ ይዘጋጅ፤ ስልክ ሊወሰድብዎ ስለሚችል ቁጥሮቹን በወረቀትም ይጻፉ። ጣሊያን በዲሴምበር 2022 ማረፊያ የለኝም ብላ አገሮቹ ዝውውሩን እንዲያቆሙ ስለጠየቀች ወደዚያ የሚላከው ሰው ቁጥር በጣም ቀንሶ ነበር፤ ይህን አምኖ ሳይዘጋጁ መቀመጥ ግን አይገባም።

ለምሳሌ ጣሊያን ሲደርሱ የሚቀበልዎ የአየር ማረፊያው የድንበር ፖሊስ ነው። ጉዳይዎ እዚያ ሳይወሰን ትተውት ወጥተው ከነበረ፣ በደብሊን ሦስት መሠረት ኃላፊው አገር ምርመራው እንዲጠናቀቅ የመጠየቅ ወይም እንደገና የማመልከት ዕድል ሊሰጥዎ ይገባል፤ እንደ ሁለተኛ ጊዜ አመልካችም ሊቆጥርዎ አይችልም። ይህን እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ይናገሩ። ፖሊሱ በየትኛው ከተማ ወደሚገኝ ክዌስቱራ (የጣሊያን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት) በስንት ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለብዎ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጥዎታል። ከሕንፃው ከመውጣትዎ በፊት የከተማውን ስምና ቀኑን ጠይቀው ያስነብቡ፤ ወረቀቱንም ፎቶ አንሥተው ጀርመን ላለው ጠበቃዎ ይላኩለት።